ሰባተኛው ታንከር

ሰኔ ነው፤ ከወንዙ ጭጋግ ይነሳል፤
ፓይሳንዱ ላይ ወተት በጋን ይተኩሳል።
ኔሊዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
ከጋኖቹ ሥዕል አንዱን በጣት ነጥላ፣
«ሰባተኛው ጋንስ ማስተንፈሻ ያሻዋል?»
አለችኝ። «ምን ቆርጦት! ብረቱ ይበቃዋል፤
ስድስት ባር ግፊት ንቅንቅ የማያረገው፤
ፓምፑ ነፍሱን ቢሰጥ አራት ነው ሚያደርሰው።»

«ከፓምፑ ሌላስ?» አለች። እኔ ዝም።

«አጥር ጥግ ያለው የናፍጣ በርሜል እሳት ለብሶ ጋኑን ከታች ቢልሰው?
በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መሐል ትንሽ ውሃ ታግታ ፀሐይ ቢያገኛት?
የእንፋሎቱ ቱቦ ከውስጥ ቢቀደድ፣ አሥር ባር ሳያንኳኳ ቢገባ?
የሌሊቱን ተረኛ እንቅልፍ ጥሎት የማይዘጋውን ቢዘጋ?
አንድ በር ቆጥረህ ቤቱን ቆለፍኩ አልክ።»

እርሳሷን ነከሰች።
«ደግሞ የምትፈራው መፈንዳትን ብቻ ነው።
መኮማተርን የሚፈራ ሰው እስካሁን አላየሁም።
እስቲ ሳቱርኒኖን ልንገርህ።

ቀለም ቀቢ ነበር፣ እጁ የማይቸኩል፣
አንድ ጠብታ ቢያመልጥ ‹ጥፋቴ ነው› የሚል።
አሮጌውን ጋን ነጭ ሊያለብሰው ወጥቶ፣
የጣሪያው መተንፈሻ እንዳይበከል ሠግቶ፣
የዳቦ ላስቲክ አጠለቀለት፣
በሲባጎ ዙሪያውን ሸብ አረገለት፣
ለልጁ ቆብ እንደሚያጠልቅ አባት።

ከታች ኤበር መጣ። ፓምፑን አስነሳ።
አጓቱ ወደ መኪናው መውረድ ጀመረ።
ላስቲኩ ጎደጎደ፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ፤
አልተቀደደም።
ሁለት ዳቦ የማይችል ላስቲክ ያን ቀን ጸና።
ያኔ ሰማዩ በሙሉ ጋኑ ላይ ተቀመጠ፤
አየር ክብደት እንዳለው ረስተን ነበር፤
ብረቱ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ጓ! ብሎ ተሰረጎደ።

ማንም አልሞተም። ሳቱርኒኖ ከመሰላሉ ወርዶ
ባልዲውን ደፍቶ ተቀመጠበት።
ብሩሹ ገና እጁ ላይ፣ ነጩ ጫማው ላይ እየተንጠባጠበ፣
‹እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው› ይል ነበር፣ ‹እንዳይቆሽሽ ብዬ።›»

ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ ገፋችው።
«ሰባተኛው በምን ይታጠባል?» «በእንፋሎት።»
«ቀጥሎስ?» «በቀዝቃዛ ውሃ።»
«ጋን ሙሉ እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ስንት ባልዲ ይሆናል?»
አሰላሁት። ሁለት ባልዲ ገደማ።
«የቀረውን ቦታ ማን ይሞላዋል?»

መዝገቡን ሳጥን ለሳጥን በጣቴ ወረድኩ፤
ወደ ውጭ የሚችለው፦ ስድስት፣ በቀይ ቀለም፤
ወደ ውስጥ የሚችለው፦
ማንም አልጻፈም። የባዶው ሳጥን ባዶ።

ባሏን ያነሳችው ያን ቀን ብቻ ነው።
«ዴልሚሮ ለሁሉም ነገር ‹ሆድ ይፍጀው› ይል ነበር።
ሆድ ምንም አይፈጅም፣ ልጄ።»
ሌላ አልጠየቅኳትም። እርሳሷን ቀረጸች።
ያን ማታ ቤቴ ድስት ጥጄ ክዳኑ ሲንተከተክ
ቆሜ ሳየው፣ ሳየው፣ እራቴ አረረ።

ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ይባላል፤
ከጥቅምት ወዲህ የሰባተኛው ጠጠር
ድስት የምታህል ቫልቭ ናት፣ አናቱ ላይ የተጣደች።
በመጀመሪያው የእጥበት ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቼ
ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ።
ቀዝቃዛው ውሃ ሲገባ፦ ጠቅ።
ከዚያ ረጅም ትንፋሽ፣
ዋናተኛ ጠልቆ ቆይቶ ብቅ ሲል እንደሚስበው።

«ተነፈሰ!» ብዬ ጮህኩ ወደ ታች።
ኔሊዳ ቀና አላለችም። በዝናብ ካፖርቷ ከልላ
ሌላ ሥዕል ዘርግታ ነበር።
«ስምንተኛውስ?» አለች።